ለሌለ እንቅርት መድኃኒት

አክስቴ አስናቀች ከሞተች ሦስት ዓመት ሆኗታል። ሆሳዕና በሄድኩ ቁጥር የሰፈራችን ሴቶች መንገድ ላይ ያቆሙኝና ደግነቷን ይተርኩልኛል፤ ጸሎተኛነቷን፣ እንግዳ ተቀባይነቷን፣ እኔን አዝላ ማሳደጓን። አዝላኛለች፣ አልክድም። «እንደ እሷ ያለ ሰው ከእንግዲህ አይገኝም» ሲሉኝ «አዎ፣ አይገኝም» እላለሁ፤ በሆዴ ግን ባይገኝም ይሻላል እላለሁ። ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ እናቴን ልትገድላት ምንም አልቀራትም ነበር። እኔን የሚያንገበግበኝ ደግሞ ይህ ብቻ አይደለም። ቢላዋውን ያቀበልኳት እኔ ነኝ።

በ2003 ዓ.ም. ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ሁለተኛ ክፍል። ቤታችን ከመናኸሪያው ብዙም ስለማይርቅ የአውቶቡስ ጥሩንባና የደላሎች ጩኸት ነው ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝ። በረንዳችን ላይ የእናቴ የስፌት መኪና አለች። እናቴ ብርነሽ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋ ነበር። መስከረም ሲደርስ ቤታችን በሰማያዊ ጨርቅ ይሞላል፤ አልጋው ላይ ጨርቅ፣ ወንበሩ ላይ ጨርቅ፣ ከምንበላው ቆጮ ውስጥ እንኳ ሰማያዊ ክር እናወጣ ነበር። እናቴ እየዘፈነች ትሰፋለች፤ ፔዳሉን ስትረግጠው ቤቱ ሁሉ አብሯት ይንቀጠቀጣል።

አንገቷን በሻርፕ ትሸፍናለች። እኔ የአራት ዓመት ልጅ ሳለሁ አዲስ አበባ ሄዳ እንቅርቷን አስወጥታለች። እንቅርቱን አላስታውሰውም፤ የማውቀው ጠባሳውን ነው፤ ከጆሮዋ ሥር እስከ ጆሮዋ ሥር የተሰመረ፣ እሷ ራሷ የሰፋችው የሚመስል ቀጥ ያለ መስመር።

አባቴ አክሊሉ፣ ሙዱላ በምትባል ሩቅ ከተማ አስተማሪ ነበር። በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ቅዳሜ ማታ ይመጣል፣ እሑድ ከምሳ በኋላ ይመለሳል። እሱ በሌለበት ቤቱን የምትገዛው ታላቅ እህቱ፣ እትዬ አስናቀች ናት። ባሏ ሞቶ፣ ልጅ ሳትወልድ፣ ወንድሟ ቤት የገባች ሴት ናት። ለእንግዳ የምታቀርበው ፈገግታ ነበራት፤ እኛ ዘንድ አይደርስም። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ የሚባለው ለእሷ ነው።

እትዬ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምትፈልገው፤ ለወንድሟ ወንድ ልጅ። እኔ ከተወለድኩ ስምንት ዓመት አልፏል፣ እናቴ አልደገመችም። «ወንድ ልጅ የሌለበት ቤት ምሰሶ የለውም» ትላለች፣ እናቴ እየሰማች። እኔን ደግሞ ጸጉሬን ስትሠራልኝ በጆሮዬ፣ «ወንድም ካልመጣልሽ አባትሽ እዚያው ሙዱላ መቅረቱ ነው። ያን ጊዜ አንቺና እናትሽ መግቢያ የላችሁም» ትለኛለች። እኔም በየምሽቱ አልጋዬ ላይ ተንበርክኬ፣ «ጌታ ሆይ፣ አባዬ እንዲመጣ ወንድም ስጠኝ» እያልኩ እጸልይ ነበር።

እንደዚያ በምጸልይበት ዓመት ወንድሜ ተወልዶ ሙዱላ ላይ እየዳኸ ነበር። ከሌላ ሴት። ዛሬ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው፤ ቁመቱ የአባቴ ነው። እትዬ ታውቅ ነበር፣ «ሙዱላ መቅረቱ ነው» የምትለኝም ለዚህ ነው፤ እናቴ አታውቅም ነበር፣ እኔም የሰማሁት በአሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ጌታን ያስቸገርኩት በከንቱ ነው ማለት ነው።

እናቴ ጠዋት ጠዋት፣ ማንም እህል ሳይቀምስ፣ የስፌት መኪናዋን መሳቢያ ትስባለች። ከክሮቹ ሥር በብርማ ወረቀት የታሸገ ኪኒን አለ፤ ትናንሽ፣ ነጫጭ። አንዷን ታወጣና በውኃ ትውጣለች። እኔ አንድ ጠዋት አይቻት «ምንድን ነው?» አልኳት።

«የአንገቴ መድኃኒት ነው።»

«አንገትሽ ድኖ የለ?»

«ድኗል። መድኃኒቱ ግን እስከምሞት ነው።» ከዚያ ዝቅ ብላ አየችኝ። «ለእትዬ እንዳትነግሪ። የእኔና የአንቺ ነው፤ እሺ ጵርስዬ?» ስታቆላምጠኝ ነው እንዲህ የምትለኝ።

እሺ አልኳት። ግን አላመንኳትም። ቀደም ብሎ በዚሁ ነገር ከእትዬ ጋር ሲጣሉ ሰምቻለሁ። እትዬ፣ «እንቅርቱ ተቆርጦ ተጥሏል። ለሌለ እንቅርት ምን መድኃኒት ያስፈልገዋል? ጥርሱ የተነቀለ ሰው የጥርስ መድኃኒት ይውጣል?» ስትላት እናቴ የመለሰችላት ለእኔ መልስ መስሎ አልተሰማኝም። ጥርሴ በዚያው ሳምንት ስለወለቀ የእትዬ ነገር በጣም ገብቶኝ ነበር። እናቴም ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው መደበቅ የጀመረችው። ሰው ደግሞ የሚደብቀው ጥፋት ነው፤ እኔ የማውቀው እንደዚያ ነው።

መስከረም መጨረሻ ላይ ነጭ ጋውን የለበሰች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሰፈራችን መጣች። ሴቶቹን የጎረቤታችን የሀሊማ ግቢ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሀሊማ በርበሬ ነጋዴ ናት፤ ግቢዋ ሰፊ ነው፣ የመጣ ሰው ሁሉ እያስነጠሰ ነው የሚገባው። እኔ ከሀሊማ የበርበሬ ጆንያ ጀርባ ተቀምጬ አያለሁ። ሠራተኛዋ ሥዕል ሰቀለች፣ ብዙ አወራች፣ ሴቶቹ እየተጎነታተሉ ሳቁ። በመጨረሻ ከቦርሳዋ በብርማ ወረቀት የታሸገ ኪኒን አወጣች። ትናንሽ።

«በቀን አንዲት። በየቀኑ፣ በዚያችው ሰዓት፣ ሳታስተጓጉሉ» አለች።

«ባሌ ቢያይብኝስ?» አለች አንዷ።

«እሱን አንቺ ታውቂያለሽ። ስፌት ሳጥንሽ ውስጥ ደብቂው!» ሴቶቹ አውካኩ።

«ብናቆመውስ?»

«ካቆማችሁትማ ትወልዳላችሁ።»

የበርበሬው ብናኝ ዓይኔን እያቃጠለኝ ሁሉም ነገር ተገለጠልኝ። ትንሽ ኪኒን፣ በየቀኑ፣ በዚያችው ሰዓት፣ በስፌት መኪና መሳቢያ። ወንድሜን የከለከለችኝ እናቴ ናት። እኔ በየምሽቱ እለምናለሁ፣ እሷ በየጠዋቱ ታፈርሰዋለች። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን እናቴን ጠልቻት አላውቅም።

ሮጬ ቤት ገባሁ። እትዬ ጓዳ ተቀምጣ ቡላ በእጇ እያፍረከረከች ነበር። ነገርኳት። እጇን ከቡላው ሳታወጣ ሰማችኝ።

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ። ጠዋት ጠዋት።»

«ተደብቃ?»

«ተደብቃ። ለእትዬ እንዳትነግሪ ብላኛለች።»

ቡላ ባለበት እጇ ፊቴን ይዛ ግንባሬን ሳመችኝ። «ጌታ በሕፃናት አፍ ይናገራል» አለች። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይላሉ፤ እኔ ያቦካሁት ግን ለቤተሰቡ በሙሉ በቅቶ ተረፈ።

እናቴ ያን ከሰዓት የተሰፋ ዩኒፎርም ልታስረክብ ገበያ ወርዳ ነበር። እትዬ መሳቢያውን ሳበችው። የኪኒኑን እሽጎችና አንድ የታጠፈ ወረቀት አገኘች። ወረቀቱን ድስቱ ሥር ጨመረችው፤ ቦግ ብሎ ጠፋ። የአዲስ አበባው ሐኪም ማዘዣ ነበር። ከዚያ ግቢው ጥግ ወዳለው ሽንት ቤት ይዛኝ ሄደች። እሽጎቹን ለእኔ ሰጠችኝና «አንቺ ነሽ ያገኘሽው፣ አንቺ አፍስሺው» አለችኝ።

አፈሰስኩት። ኪኒኗን ከጀርባ በአውራ ጣት ሲጫኗት ጠብ የምትለው ነገር ደስ ይል ነበር። አንድ በአንድ፣ ጠብ፣ ጠብ፣ ጉድጓዱ ውስጥ። ስድሳ ነበሩ። እየዘመርኩ ነው ያፈሰስኩት።

በማግስቱ ጠዋት እናቴ መሳቢያውን ስባ፣ ክሮቹን አውጥታ መሬት ላይ ዘረገፈቻቸው። እኔ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ በአንድ ዓይኔ አያለሁ።

«እትዬ፣ መድኃኒቴን ማን ነካው?»

«እኔ ነኝ። ሽንት ቤት ውስጥ አለልሽ፤ ገብተሽ ልቀሚው።»

«እትዬ በእግዚአብሔር! የሚቀልዱ ከሆነ ይንገሩኝ።»

«ልጅ እየገደልሽ ስሙን አትጥሪ! ሰፈሩ ሁሉ ለወሊድ መቆጣጠሪያ የሚውጠውን ነው አንቺ የአንገት መድኃኒት ነው ብለሽ ያሞኘሽን።»

«ሐኪሙ ዕድሜዬን ሙሉ ነው ያለኝ። እንቅርቴን ሲያወጡት ለሰውነቴ የሚሠራውንም ይዞ ነው የወጣው፤ በእሱ ፈንታ ነው የምውጠው።»

«እንቅርት ምን ሥራ አለው? ያርሳል?»

እናቴ ይህን ጊዜ ነው ሁልጊዜ «እርስዎ» የምትላትን ሴት «አንቺ» ያለቻት። «አንቺ ሴት፣ ገደልሽኝ» አለቻት። ቀጥሎ የተባባሉት በሀዲይኛ ስለነበርና በፍጥነት ስለነበር ሁሉንም አልያዝኩትም። እናቴ መሳቢያውን ማን እንዳሳየ አልጠየቀችም። እትዬም አልነገረቻትም፤ ይህን አንድ ነገር ለእኔ ብላ ነው የዋጠችው ወይስ ክብሩን ለብቻዋ ፈልጋው፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ እጄን ይዛ ፋርማሲ ለፋርማሲ ዞረች። የመጀመሪያው ባለፋርማሲ ስልኩን እየነካካ ነበር።

«ታይሮክሲን አለ?»

«የለም።»

«መቼ ይመጣል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ማዘዣ ይዘሻል?»

«ተቃጠለብኝ።»

«ቢመጣም እንግዲያ አልሰጥሽም» አላት፤ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ። ሌላው ጋ፣ አዲስ አበባ እንጂ እዚህ አይገባም አሉን። ሦስተኛው ጋ አንዲት ልጅ «የምን በሽታ ነው?» ብላ ጮክ ብላ ጠየቀቻት፣ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ዞሮ የእናቴን ሻርፕ አየ። እኔ በሁሉም ቦታ «የለም» ሲሏት በልቤ «ሃሌ ሉያ» እያልኩ ነበር።

ከዚያ በፊትም መድኃኒቱን የሚያመጣላት የሀሊማ ወንድም ነስሩ ነበር። ነስሩ የሆሳዕና አዲስ አበባ አውቶቡስ ሹፌር ነው። እናቴ ከቆሻሻ መጣያው አንድ ባዶ የኪኒን እሽግ አግኝታ፣ መናኸሪያ ድረስ ሄዳ «ይህን አሳያቸውና ለምንልኝ» ብላ ሰጠችው። «ኢንሻአላህ፣ ከነገ ወዲያ» አላት። እኔ አብሬ ነበርኩ። ማታ ለእትዬ ነገርኳት።

በማግስቱ እትዬ አዲሱን ጋቢዋን ለብሳ እኔን አስከትላ መናኸሪያ ገባች። ነስሩ አውቶቡሱ ደጃፍ ላይ ሻይ ይጠጣል፣ ተሸካሚዎች ጣሪያው ላይ ጆንያ ይጭናሉ።

«አንተ ነህ የወንድሜን ዘር የምታስቆርጠው?» አለችው፤ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ነው።

«ምን አደረግሁ እናቴ?»

«ከባሏ ተደብቃ የምትውጠውን ኪኒን የምታመላልስላት አንተ አይደለህም? የሰው ሚስት ካንተ ጋር ምን ሚስጥር አላት?»

ጣሪያ ላይ ያሉት መጫን አቁመው ማፏጨት ጀመሩ። ነስሩ ፊቱ ደም መሰለ። ከኪሱ ባዶውን እሽግ አውጥቶ እጇ ላይ አስቀመጠ። «እኔ በሰው ትዳር አልገባም» አለ። «ለብርነሽ ይቅርታ በይልኝ።» እትዬ አላለችላትም። ወደ ቤት ስንመለስ ሸንኮራ ገዛችልኝ፤ ከሀሊማ ቤት ሰዎች ጋር ከዛሬ ጀምሮ እንዳትነጋገሪ አለችኝ። ሸንኮራውን እየመጠጥኩ፣ የእሷን እጅ ይዤ፣ በዚያ መንገድ ላይ ከእኔ የበለጠ የኮራ ልጅ አልነበረም።

አባቴ ቅዳሜ ሲመጣ እናቴ አለቀሰችለት። እሱ ነው አዲስ አበባ ይዟት የሄደው፤ ሐኪሙ ሲናገር አብሮ ሰምቷል። የተናገረውን ቃል በቃል አስታውሳለሁ፣ ምክንያቱም ለእኔ ያን ጊዜ ብልህነት መስሎኝ ነበር።

«እስቲ ሦስት ወር ተይውና እንየው» አለ። «ካላረገዝሽ እኔ ራሴ አመጣልሻለሁ።»

«አክሊሉ፣ ሰው ነኝ እኮ፤ የሙከራ ማሳ አይደለሁም።»

«እህቴን አላስቀይምም» አላትና እጁን ታጠበ። ሐኪሙ ለሁለቱም፣ ልጅ ከፈለጋችሁ መድኃኒቱን አንዲት ቀን አታቋርጡ፣ ያለ እሱ አትጸንስም፣ ብሏቸው እንደነበር ትልቅ ስሆን እናቴ ነግራኛለች። አባቴን አንድ ቀን ስለዚህ ጠየቅሁት። «ረስቼው ነበር» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ብዙ አናወራም።

ጥቅምት አልፎ ኅዳር ገባ። እናቴ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ጋቢ ትደርባለች፣ ከላዩ ሌላ ጋቢ። መዝፈን አቆመች፤ ድምጿ ወፍሮ የወንድ ሆነ። መጀመሪያ ላይ በየቀኑ ስለ አዲስ አበባ ታወራ ነበር፤ አንድ ሰው ሂሳቡን ከፍሎ እንዲያሳፍራት ትለምን ነበር። እያደር ይህንንም ተወችው። በሽታው ለካ መናደዱንም ይወስዳል። ፔዳሉን ትረግጥና መሐል ላይ ታቆማለች፣ ጨርቁ ላይ ተደፍታ ትተኛለች። አንዲት እናት ዩኒፎርም ይዛ መጥታ በረንዳው ላይ ወረወረችው፤ የልጇ እጅጌ ጫፉ ድረስ ተሰፍቶ ተዘግቶ ነበር። ማበጠሪያዋ ላይ ጸጉሯ በእፍኝ ይቀራል። ፊቷና እግሯ አበጠ፣ ቀሚሷ ጠበባት።

እትዬ ናት ያየችው። አንድ ቀን እናቴ ልትነሳ ስትሞክር ወገቧን ስትይዝ አየቻትና እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች። «አላልኩም? ኪኒኑ ሲቆም ልጁ መጣ!»

«እትዬ፣ እርጉዝ አይደለሁም። አሞኛል።»

«ማን ሳያመው ወለደ?»

የጸሎት ቡድን ሴቶች መጡ። ቡላ በቅቤና በወተት ተሠርቶ፣ አታካና የምንለው ምግብ ቀረበ፤ ለወላድ የሚገባ ቅቤ ገና ከአሁኑ ተጠራቀመ። እናቴ አንድ ማንኪያ አፏ ውስጥ ይዛ መዋጥ ረስታ ትቀመጣለች። ሴቶቹ ፊቷን እያዩ «ወንድ ነው፣ ወንድ ሲሆን ነው እንዲህ የሚያሳብጠው» ይባባላሉ። እኔ ጆሮዬን ሆዷ ላይ እለጥፍና ወንድሜን አዳምጣለሁ። የሚንቦጫረቅ ነገር እሰማ ነበር። «አንተ ልጅ፣ እኔ ነኝ ያስመጣሁህ» እለዋለሁ። እናቴ አትከለክለኝም፤ እጇን ራሴ ላይ ታደርጋለች። እጇ ቀዝቃዛ ነበር፣ እንደ ድንች ሻካራ።

ለገና አባቴ በግ ይዞ መጣ፣ ሦስት ቀንም ሰነበተ። ጸሎቴ ሠራ አልኩ። ያ ገና እስከ ዛሬ የልጅነቴ ደስተኛው ቀን ነው፤ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፣ ያሳፍረኛል።

ጥር ውስጥ አንድ እሑድ እትዬ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። እኔ ጉንፋን ይዞኝ ከእናቴ ጋር ቀረሁ። ረፋዱ ላይ ውኃ ልስጣት ብዬ ብነካት አልነቃችም። ደግሜ ነቀነቅኳት። ሰውነቷ በዚያ የጥር ፀሐይ እንኳ ቀዝቅዟል፣ ትንፋሿ አንዴ ይመጣና ይቆያል፣ ይመጣና ይቆያል። ወንድሜ ሊመጣ ነው ብዬ ነው ያሰብኩት። ደስ አለኝ፣ ደግሞም ፈራሁ። ቤተ ክርስቲያኑ ሩቅ ነው። የተከለከልኩትን ረስቼ ሀሊማን ጠራኋት።

ሀሊማ እጇ ላይ በርበሬ እንዳለ መጣች። እናቴን አየቻት፣ ሻርፑን ፈትታ ጠባሳውን አየችው፣ ወደ እኔ ዞረች።

«መድኃኒቷስ? ነስሩ ካቆመ በኋላ ማን ነው የሚያመጣላት?»

«ማንም። እሱ እኮ ወንድሜን የሚከለክለው ነው» አልኳት። «እኔ ነኝ መሳቢያው ውስጥ አይቼ ለእትዬ የነገርኳት። ሽንት ቤት የጨመርኩትም እኔ ነኝ። ሁሉንም!»

በኩራት ነው የነገርኳት። እናቴ ዓይኗ ግማሽ ተከፍቶ ጣሪያውን ያይ ነበር። ሀሊማ አልመታችኝም። «ያ ረቢ» ብላ ብቻ እናቴን በብብቷ ይዛ አነሳቻት፤ እየጮኸች ባጃጅ አስቆመች፣ እኔም ተሳፈርኩ።

ሆስፒታል የተቀበለን ወጣት ሐኪም ሀሊማን ሲጠይቃት፣ እኔ ደግሞ መቼ እንደቆመ ስነግረው፣ «አራት ወር?» አለ። «እናንተ ሰው ናችሁ?» ሀሊማ ያላደረገችውን ጥፋት አንገቷን ደፍታ ተቀበለች። እትዬ መጽሐፍ ቅዱሷን ይዛ እየሮጠች ደረሰች።

«ፅንሱስ? ፅንሱ ደህና ነው?»

«የምን ፅንስ? ፅንስ የላትም። ያበጠችው ከመድኃኒት እጦት ነው።»

እትዬ አየችው፣ ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ወደ ቆምኩት ወደ እኔ መጥታ ጎንበስ አለች። «ገደሉት» አለችኝ በጆሮዬ። አመንኳት። አሥረኛ ክፍል የሥነ ሕይወት መጽሐፍ ላይ አንገት ውስጥ ያለችውን የቢራቢሮ ቅርጽ ያላት ዕጢ ሥራ እስካነብ ድረስ፣ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ አንድ ወንድም በዚያ ሆስፒታል እንደተገደለብኝ ነበር የማምነው። ክፍል ውስጥ ከመቀመጫዬ ተነስቼ ወጣሁ፤ መምህሩ ስሜን እየጠራ ነበር።

እናቴ ተረፈች። ሦስት ሳምንት ተኝታ ወጣች። ነስሩ በአዲስ ማዘዣ መድኃኒቱን አመጣላት፤ ለማንም ሳይፈራ፣ በቀን፣ በበራችን። እናቴ ተቀብላው ቤት አላስገባችውም፤ ሀሊማ ቤት አስቀመጠችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ሳትቀምስ ወደ ሀሊማ ግቢ ትሻገራለች፣ ኪኒኗን ውጣ ትመለሳለች። እትዬ ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት ተኩል እዚያው ቤት ኖረች፤ ይቅርታ ሳትጠይቅ፣ ካፈርኩ አይመልሰኝ እንዳለች። እናቴ አጠበቻት፣ አስታመመቻት፣ ቀበረቻት። እኔ ግን የነገርኳት እኔ መሆኔን ለእናቴ ነግሬያት አላውቅም። ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ ዘግቻለሁ። አታውቅም፣ ለምን አሁን ላቁስላት፣ እላለሁ። እውነቱ ፍርሃት ነው።

አሁን አዲስ አበባ እሠራለሁ፤ መድኃኒቱን የምፈልግላት እኔ ነኝ። በየጊዜው ይጠፋል። ባለፈው ሁለት ሳምንት ሙሉ ከመርካቶ እስከ ሳሪስ ዞሬ «የለም» የሚል ፊት ሁሉ አይቼ፣ በስልክ ድምጿ መወፈር ሲጀምር አለቀስኩ። በመጨረሻ የሦስት ወር አገኘሁ፤ በማግስቱ ተሳፍሬ ሆሳዕና ገባሁ።

እናቴ እሽጎቹን ተቀበለችኝ። በብርሃን እያገላበጠች የማብቂያውን ቀን አየች፣ ከዚያ ፍሬዎቹን በጣቷ እየዳሰሰች ቆጠረች፣ አንድም ያልተነካ መሆኑን። ነጠላዋን አጣፍታ ጫማዋን አደረገች።

«የት ልትሄጂ ነው?»

«ሀሊማ ጋ ላስቀምጠው።»

ሳቅሁ። «እማዬ፣ እትዬ እኮ ከሞተች ሦስት ዓመቷ ነው። ከማን ነው የምትደብቂው?»

«አንቺ አለሽ አይደል?» አለችኝ።

ትስቃለች ብዬ ጠበቅሁ፤ አልሳቀችም። ፊቷ ላይ ቁጣም አልነበረም፤ ዝናብ ሊመጣ ነው፣ ልብሱን አስገቢ፣ እንደማለት ነው ያለችው። ያን እሑድ ሰምታኝ ነበር። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ከእትዬ የምትደብቅ መስሎኝ የኖርኩት ከእኔ ነበር። ያኔ ስምንት ዓመቴ ነበር እኮ ልላት ፈለግሁ፤ ይህን መድኃኒት ፍለጋ እግሬ እንደነቃ ልነግራት ፈለግሁ።

«ሻይ ጥጃለሁ፣ እንዳይገነፍል እይልኝ» ብላ ወደ ሀሊማ ግቢ ተሻገረች።